የጥረት ዓምድ

ባለፈው ጳጉሜን ዝናቡ ጣራችንን ሰርጎ ቁም ሳጥኑ ራስ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። እናቴ በዚያ የተቀመጠውን ካርቶን እንዳወርድ አዘዘችኝ። ካርቶኑ የእኔንና የታናሽ ወንድሜን የተማሪነት ዘመን በሆዱ ይዟል፤ የፈተና ወረቀቶች፣ ጎኑ የተሰነጠቀ ማስመሪያ፣ ከጋዜጣ ተቆርጠው የወጡ የሯጮች ፎቶግራፎች፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ሽፋኗ የወየበ ባለ 50 ሉክ ደብተር። ገለጥኋት። በመካከሏ በቀይ እስክርቢቶ የተሰመሩ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ በአንዱ ራስጌ «ኃይሌ»፣ በሌላው ራስጌ «ቀነኒሳ» ተብሎ ተጽፏል።

ውድ አንባቢ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ብር የምቆጥር፣ ማታ ማታ ደግሞ የስንኝ ቀለም የምቆጥር ሰው ነኝ። ቁጥር እንጀራዬ ነው፤ ስለዚህም አምነዋለሁ። ይህችን ደብተር ሳገኝ ግን በሕይወቴ ከሠራኋቸው የሒሳብ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው፣ ከባንክ መቀጠሬ አስቀድሞ፣ በልጅነቴ የሠራሁት እንደሆነ ተገነዘብኩ። የዛሬው ወጌ ስለዚያ ስሕተት ነው። (የሩጫ ነገር በዓለም የሚመዘገበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነውና፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን በዚያው እጠራለሁ።)

ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አልፎ በጉራራ በኩል፣ የእንጦጦ ተራራ እግሩን ከዘረጋበት ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ ነበር። ቴሌቪዥን ካላቸው ጎረቤታችን ቤት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተኮልኩሎ የፓሪስን የዓለም ሻምፒዮና ያያል። በ10,000 ሜትር ሦስት ኢትዮጵያውያን ከፊት ተሰልፈዋል፤ የሠላሳ ዓመቱ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ የሃያ አንድ ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን። ኃይሌ ፍጥነቱን እየጨመረ መራ፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ግን ልጅ እግሩ ተስፈንጥሮ ሄደ። 26:49.57 በ26:50.77። የሁለተኛውን አምስት ሺህ ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች ሮጠውታል። ቤቱ በእልልታ ሲናጥ እኔ አለቀስኩ፤ ታናሽ ወንድሜ ዘለለ። በዚያች ምሽት እኔ የኃይሌ፣ እርሱ የቀነኒሳ ሆንን። በማግስቱም ደብተሯ ተሰመረች።

እነሆ፣ በልጅ እጅ ተጀምሮ ለዓመታት የተሞላው የኃይሌ ዓምድ እንዲህ ይላል። በ1992 ሴኡል ላይ በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና የ5,000ም የ10,000ም ባለድል። በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮና በ1993፣ በ1995፣ በ1997ና በ1999 አራት ተከታታይ ወርቅ። የኦሊምፒክ ወርቅ በአትላንታ 1996ና በሲድኒ 2000። በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና አራት ወርቅ፤ ከእነርሱም አንዱ በ1999 በ1,500 ሜትር የተገኘ ነው። የ2001 የግማሽ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮን። በ1998 ጁን፣ በአሥራ ሁለት ቀን ልዩነት፣ በ10,000 ሜትር 26:22.75 እና በ5,000 ሜትር 12:39.36። ከዚያም ትራኩን ትቶ ጎዳና ሲወጣ በበርሊን ከ2006 እስከ 2009 አራት ተከታታይ ድል፣ በ2007 2:04:26፣ በ2008 ደግሞ በሠላሳ አምስት ዓመቱ 2:03:59፤ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው። የዓለም ክብረ ወሰኖቹ ተደምረው 27 ናቸው ይባላል።

የቀነኒሳ ዓምድ ደግሞ ይህን ይዟል። የኦሊምፒክ ወርቅ በአቴንስ 2004 በ10,000፣ በቤጂንግ 2008 በ10,000ና በ5,000፤ የአቴንሱ የ5,000 ብር ሲጨመር አራት ሜዳሊያ። የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ በ10,000 በ2003፣ በ2005፣ በ2007፣ በ2009፤ በ5,000 በ2009። በቤት ውስጥ አንድ ወርቅ። በዓለም አገር አቋራጭ ከ2002 እስከ 2006 በየዓመቱ በሁለት ተከታታይ ቀናት አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸንፎ፣ በ2008 አንድ ጨምሮ፣ 11 የአዋቂዎች የግል ወርቅ። ኃይሌ በዚህ ጭቃና ሣር ላይ በአዋቂዎች ውድድር ወርቅ አላገኘም። በ2004 በስምንት ቀን ልዩነት የኃይሌን ሁለቱንም የትራክ ክብረ ወሰኖች ወሰደ፤ በ5,000 12:37.35፣ በ10,000 26:20.31። በ2005 ብራስልስ ላይ ደግሞ የ10,000ውን ወደ 26:17.53 አወረደው። በ10,000 ሜትር ከ2003 ጀምሮ እስከ 2011ዱ የዴጉ ሻምፒዮና ድረስ የቀደመው ሰው አልነበረም።

ቁጥር ብቻ ይናገር ካልን ወንድሜ ረትቶኛል። በትራክ ላይ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ከሁለት ይበልጣል፤ አምስት ከአራት ይበልጣል፤ 26:17 ከ26:22 ይፈጥናል። ነገር ግን እንደ ባንክ ሰው ልጠይቅ፤ ልዩነቱ ስንት ነው? በ10,000 ሜትር 5.22 ሰከንድ። ይህን ለ25 ዙር ብናካፍለው በአንድ ዙር ከሰከንድ አንድ አምስተኛ እምብዛም አይበልጥም፤ ዓይን እስኪጨፈን ያለች ቅጽበት። የማራቶኑ ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ቀነኒሳ በ2019 በርሊን ላይ የሮጠው 2:01:41 ከኃይሌ ምርጥ ሰዓት በሁለት ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይሻላል። እዚህ ላይ ደግሞ የጫማው ነገር አለ፤ በሁለቱ ሩጫዎች መካከል ባሉት ዓመታት ሶሉ የካርቦን ንጣፍና ነጣሪ ስፖንጅ የያዘ ጫማ መጥቶ የማራቶንን ሰዓት በያገሩ አሳጥሮታል። ቀነኒሳም በተራው በ2020 ሁለቱን የትራክ ክብረ ወሰኖች ለኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ሲያስረክብ፣ ተተኪው በዘመኑ ጫማና በትራኩ ጠርዝ ፍጥነቱን በሚያሳየው መብራት ታግዞ ነበር። አንዱ ክብረ ወሰን 16 ዓመት፣ ሌላው 15 ዓመት ቆይቷል። የትናንትን ብር በዛሬ ዋጋ ሳይተምኑ ማወዳደር እንደማይገባ ሁሉ፣ የትናንትንም ሰዓት በዛሬ ጫማ ማወዳደር አይገባም።

ይህን ሁሉ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ልጅ ነበርኩ፤ እየተረታሁም ነበር። በተለይ የብራስልሱ ሰዓት ከተሰማ በኋላ ቁጥሩ ሁሉ ወደ ወንድሜ ሲያደላ ጊዜ አንድ ብልሃት አመጣሁ። በሁለቱም ዓምዶች ግርጌ አዲስ መስመር አሰመርኩና «ጥረት» ብዬ ጻፍኩ። ከአሥር የሚታረም ነው፤ አራሚውም እኔ ነኝ። ለኃይሌ 10 ሰጠሁ። ለቀነኒሳ 7።

ለኃይሌ አሥር የሰጠሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። የኃይሌ ጥረት የሚታይ ጥረት ነው። ከአሰላ አቅራቢያ ካለው የገበሬ ቤት ተነሥቶ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ቤት መሮጡን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ደብተር የያዘበት ግራ እጁ ካደገም በኋላ በዓለም አደባባይ ሲሮጥ እንደታጠፈ ቀርቷል፤ ጥረቱ በአካሉ ላይ ተጽፎ ይነበባል። በሲድኒ ቋንጃውን እያመመው ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው፣ በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች መቶ ሜትር አንደኛና ሁለተኛ መካከል ከነበረው ክፍተት ያነሰ ነበር። እየሮጠ ፊቱ ይናገራል፤ ከጨረሰ በኋላም ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ያወራል። ቀነኒሳ ግን ዝም ይላል። ከበቆጂ የመጣው ይህ ልጅ ፊቱ ሳይኮማተር ሃያ አራቱን ዙር ይሮጥና ሃያ አምስተኛውን ይበራል። ድካም የማይታይበትን ሰው «ተሰጥኦ ነው» ብሎ ማለፍ ምንኛ ቀላል ነው! እኔም አልኩ። ወንድሜ ሰባቱን በላጲስ ሊያጠፋት ቢሞክር በእስክርቢቶ ተጽፋለችና ወረቀቱ ብቻ ሳሳ።

በ1996 ዓ.ም. ነሐሴ በአቴንስ የሆነውን ማስታወስ ደግሞ ግድ ነው። ኃይሌ በተጎዳ ቋንጃ ገባ። በውድድሩ አጋማሽ ወደ ኋላ መቅረት ሲጀምር ቀነኒሳና ስለሺ እየዞሩ ያዩት ነበር፤ ፍጥነታቸውን ገታ አድርገው ይመጣ እንደሆነ ጠበቁት። ሲደርስ ደረሱ፣ ሲቀር አዘኑ፤ በመጨረሻ ወርቁ የአገር ነውና ጥለውት ሄዱ። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ። በዚያች ሌሊት ወንድሜ አልፎከረብኝም። «አየኸው? ዞሮ አየው እኮ» አለኝ ብቻ። እኔ ግን መልስ አላጣሁም፤ «ዞሮ ለማየት ጊዜ የሚኖረው ላልለፋ ሰው ነው» አልኩት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ክፋት!

እንጦጦን ከታች የሚያየው ሰው ባሕር ዛፍ ብቻ ያያል። በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ስሙንም ከዚያው ያገኘው ይህ ዛፍ ተራራውን ከሸፈነው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጂን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው በሠላሳ በመቶ ያህል ያንሳል፤ ሰውነትም ጉድለቱን ለመሸፈን ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። ሯጮቻችን ጎሕ ሳይቀድ ሽቅብ የሚወጡት ስለዚህ ነው። ኃይሌ ለዓመታት ማለዳ የወጣውም ይህንኑ ተራራ ነው። እኛ በልጅነታችን የሯጮቹን ኮቴ ከማርያም ደወል ለይተን ሳንሰማው እናድግ ነበር፤ ሁለቱም የንጋት ድምፆች ናቸውና።

ወንድሜ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ከእነዚያ ኮቴዎች አንዱ ሆነ። በአሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ተነሥቶ፣ በሻይና በዳቦ ሆዱን አታሎ፣ በጭጋጉ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዘ ይወጣል። በሰልፍ ይሮጣሉ፤ የፊተኛው ድንጋይ ሲያይ በእጁ ምልክት ይሰጣል፣ የኋለኛው ይዘላል። ክለብ አልነበረውም፤ ክለብ የሚያስገባ ሰዓት ለማምጣት ይለፋ ነበር። እኔ በ2004 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ባንክ ተቀጠርኩ። ከመጀመሪያ ደመወዜ ለእናቴ ጋቢ፣ ለእርሱ የመሮጫ ጫማ ገዛሁ። ጫማውን ስሰጠው ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ «እንግዲህ ሰበብ የለህም»።

ጥቂት ወራት አልፈው ልምምዱን ይቀንስ ጀመር። አንድ ቀን ይሄዳል፣ ሁለት ቀን ይቀራል። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አልጋው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ብዙም አልጠየቅኩትም፤ ፈረድኩ እንጂ። «ኃይሌ ቢሆን ይተኛ ነበር?» አልኩት። ሌላ ቀን ደግሞ፣ እናታችን እየሰማች፣ «ተሰጥኦ አለው ይላሉ፣ ጥረት የለውም» አልኩ። ለቀነኒሳ የሰጠሁትን ሰባት ለገዛ ወንድሜ መስጠቴ ነበር፤ እንዲያውም ያነሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ለንደን ላይ ቀነኒሳ የ10,000 ሜትር ዘውዱን አጣ። አራተኛ ወጣ፤ ከፊቱ ሦስተኛ ሆኖ የገባው የገዛ ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ በቀለ ነበር። ወንድሜ ከቴሌቪዥኑ ፊት እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ምንም አላለም። ከመስከረም በኋላ ወደ ተራራው አልተመለሰም፤ ጫማውን ለሰፈር ልጅ ሰጠው፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ያን ጫማ እያነሣሁ አቆሰልኩት።

አሁን ወደ በርሊን ልውሰዳችሁ። ቀኑ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆኗል፤ እሑድ ዕረፍቱ ነበርና እናታችን ቤት ተገናኝተን የበርሊንን ማራቶን እናያለን። ቀነኒሳ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ጎዳና አቋርጦ ወጥቷል። ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሠና ሲሳይ ለማ ጥለውት ሄዱ። እግሩ ከበደ፣ ክፍተቱ ሰፋ። እኔም እንደ ልማዴ አፌን ከፈትኩ፤ «በቃ፣ አለቀለት። ድሮም እርሱ መታገል አይሆንለትም»።

ወንድሜ መልስ አልሰጠኝም። ቀነኒሳ ግን ሰጠኝ። ጥቂት በጥቂት፣ የጠፋ ሰው መንገዱን እንደሚያገኝ፣ ተመለሰ። አንዱን ደረሰበት፤ ሌላውን ደረሰበት፤ አልፎትም ሄደ። በብራንደንቡርግ በር ሥር አልፎ ሲገባ ሰዓቱ 2:01:41 ነበር፤ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ከአንድ ዓመት በፊት እዚያው ካስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ብቻ የዘገየ። ከ7,301 ሰከንድ ሁለት ሰከንድ! በባንካችን እንዲህ ያለ ጉድለት ቢገኝ ከኪሳችን ሞልተን ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

ያን ጊዜ ወንድሜ ቴሌቪዥኑን እያየ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «የኔ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር» አለ።

ቀስ እያለ ነገረኝ። ቅልጥሙን ያመው የጀመረው እኔ ጫማውን ከመግዛቴ በፊት ነበር። ጫማው ሲመጣ «ሰበብ የለህም» ተባለና መናገር አፈረ። ሁለት ወር በሕመሙ ላይ ሮጠ፤ ዳገቱን ሲወጣ የባሰውን ቁልቁለቱ ላይ ጥርሱን ነክሶ። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ታሸ፤ ማሸቱ አባባሰው። በመጨረሻ በጓደኛው ገንዘብ ራጅ ተነሥቶ አጥንቱ መሰንጠቁን ሲያውቅ እናታችን እንዳትሰማ ፎቶውን ቀዶ ጣለው። ማለዳ ግድግዳ ተደግፎ ያገኘሁት እግሩን መሬት ለማስነካት ድፍረት እስኪያገኝ ድረስ እየጠበቀ ኖሯል። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ነግሬህ ቢሆን ታምነኝ ነበር?» አለኝ። አላምነውም ነበር። እርሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ የቀነኒሳን ዓምድ እንደገና አነበብኩት። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ እኔ ነበርኩ ያላነበብኳቸው። በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ ጫካ አብራው ልምምድ ስትሠራ የነበረች እጮኛው፣ ራሷም ተስፋ የተጣለባት ወጣት አትሌት፣ በድንገት ወድቃ አረፈች። በዚያው ዓመት መጋቢት በዓለም አገር አቋራጭ በሁለት ቀን ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 26:17.53 ሮጠ። በእኛ አቆጣጠር አንድ ዓመት ነው፤ ቀብሩም ክብረ ወሰኑም በአንድ ገጽ ላይ ይውላሉ። በ2007 በኦሳካ ሙቀት ስለሺ ሲያፈተልክበት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ አሸነፈ። በ2008 በኤዲንብራ ጫማው ወልቆበት ቆሞ ካጠለቀ በኋላ መሪዎቹን አሳድዶ ደረሰባቸው። ባቱ ተጎድቶ የ2010ን አብዛኛውን ውድድር አጣ፤ በ2011 ዴጉ ላይ አቋርጦ ከወጣ በኋላ በወሩ ውስጥ ብራስልስ ላይ 26:43.16 ሮጦ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ለዚህ ሰው ነበር ሰባት የሰጠሁት።

የኃይሌንም ዓምድ በዚያው ዓይን አየሁት፤ እዚያም ተበድሏል። አሥሩን ለጥረቱ ስሰጥ ተሰጥኦውን ረስቼ ነበር። አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት የሄደ የአርሲ ልጅ እርሱ ብቻ ነውን? ከ1,500 ሜትር እስከ ማራቶን በሁሉም ርቀት የዓለምን ሰው መቅደም በልፋት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ቀነኒሳን «ተሰጥኦ ነው» ብዬ ልፋቱን ቀማሁት፤ ኃይሌን «ልፋት ነው» ብዬ ጸጋውን ቀማሁት። ሁለቱም ሁለቱም ነበራቸው።

ሰዓት ውጤቱን እንጂ ዋጋውን አይመዘግብም። ይህን በየቀኑ መስኮቴ ላይ አየዋለሁ፤ ነገር ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ከእንጦጦ የእንጨት ሸክም በወገባቸው ጎብጠው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ ሯጮቹ ሲወጡ እነርሱ ይወርዳሉ፤ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት የሰፈራችን ልጆች በየማለዳው የምናልፋቸው እነርሱን ነበር። እንዲህ ካለው ሸክም የተቆጠበ 200 ብር ይዛ የምትመጣ እናትና በአንድ ስልክ 200 ብር ያተረፈ ደላላ ደብተራቸው ላይ የሚሰፍረው አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። መዝገቡ አልዋሸም። ዋጋውን እንዲናገር ግን አልተሠራም። የሚዋሸው፣ ዋጋውን ሳያውቅ ከጎኑ «ከአሥር ሰባት» ብሎ የሚጽፈው ሰው ነው።

እንግዲህ «ማን ይበልጣል?» ተብዬ ብጠየቅ ፍርዴን አልደብቅም። በትራክና በአገር አቋራጭ ቀነኒሳ። በርቀቱ ስፋት፣ መንገዱንም መጀመሪያ በመጥረግ ኃይሌ። በ2013 በእንግሊዝ በታላቁ የሰሜን ሩጫ ሁለቱ በአንድ ጎዳና ሲገናኙ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ሞ ፋራህ በአንድ ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ፣ የአርባ ዓመቱ ኃይሌ ሦስተኛ ነበሩ፤ ለእኔ ከዚያ የተሻለ ሥዕል የለም። ቀነኒሳም በተራው በ41 ዓመቱ በ2024 ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በፓሪስ ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ ወርቁን ሲያጠልቅ፣ እርሱ ከአቴንስ ሃያ ዓመት በኋላ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ። 39ኛ ለመሆን ስንት እንደከፈለ ሰዓቱ አይነግረንም።

ደብተሯን ለወንድሜ አሳየሁት። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ በጉራራ በኩል እስከ ዛፎቹ ወጣን። እርሱ ዛሬም ቁልቁለት ሲወርድ ቀኝ እግሩን ቀድሞ ያሳርፋል፤ አሥር ዓመት አብሬው ስወርድ አላየሁትም ነበር። ደብተሯን ገለጥ ገለጥ አድርጎ በላጲስ የሳሳችው ወረቀት ላይ ሲደርስ ሳቀ። «እስካሁን ሰባት ነው?» አለኝ። አምስት ስድስት ሯጮች በሰልፍ አለፉን፤ የፊተኛው በእጁ ድንጋይ አመለከተ፤ ወንድሜ በስልኩ ሰዓት ይዞላቸው ከመታጠፊያው እስኪሰወሩ ቆጠረ። ስንት እንደሆነ ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

በባንክ ቤት ቋንቋ ሁለት መዝገቦች ሳይገጥሙ ሲቀሩ የምንሠራው ሥራ «ማስታረቅ» ይባላል። ማታ ቤት ስገባ በጥረት ዓምድ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ሰረዝኳቸው። በቦታቸው ሌላ ቁጥር አልጻፍኩም፤ ይህችን ብቻ ጻፍኩ፦

ቁጥር ይናገራል ስንት እንደተሮጠ፣
ማን እንደቀደመ ማን እንዳመለጠ፤
እግር ብቻ ያውቃል ዳገቱን ሲወጣ፣
የትኛው እርምጃ ከየት እንደመጣ።